ማውስ የማይነካ ሰው

ኑርያ የእህቴ ልጅ ናት። ሪያድ ውስጥ ነሲም በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። አሮጊቷ ከረመዳን በኋላ ሞቱ። ልጆቻቸው ቤቱን ሊዘጉ ነው። ኑርያን ደግሞ ዐርዐር ለሚኖረው ወንድማቸው ሊሰጡ አስበዋል።

ዐርዐር ከሪያድ አንድ ቀን ሙሉ የመኪና መንገድ ነው። ዱሮ አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ወስደዋት ነበር። ስትመለስ ስለዚያ ወር ምንም አላወራችም። «አጎቴ፣ እዚያ ቤት ከምገባ አስረው ወዳገሬ ቢመልሱኝ ይሻለኛል» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ናዲራ የምትባል አስተማሪ እዚያው ነሲም አለች። ሳውዲ ናት። አሮጊቷን ለመጠየቅ ስትመላለስ የኑርያን ሥራ አይታለች። እኔ ልቅጠርሽ ብላታለች። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። አዲሱ ከፊል፣ አሠሪው ማለት ነው፣ በመንግሥት የኢንተርኔት ገጽ ላይ የዝውውር ጥያቄ ይልካል፤ ሠራተኛዋ ገብታ ትቀበላለች።

ባለፈው ሳምንት የአሮጊቷ ትልቁ ልጅ ኑርያን ጠርቶ፣ «የዝውውር ጥያቄ መጥቶልሻል። እስከ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ካልተቀበልሽ ይሰረዛል» አላት። ሐሙስ ቀን ሹፌር ሰጥቶ እኔ ዘንድ ላካት። ለእኔም አንድ ካርቶን ተምር አብሮ ላከ። ጨዋ ሰው ነው አልኩ።

ወደ እኔ የላካት የማረጋገጫ ኮዱ እኔ ስልክ ላይ ስለሚመጣ ነው። ኑርያ እዚህ አገር ስትገባ አሮጊቷ ስልክ አያስይዟትም ነበር። ስለዚህ ገጹ ላይ ስትመዘገብ የእኔን ቁጥር አስገባን፤ በኋላ ስልክ ብትይዝም አልቀየርነውም። ብዙዎቻችን እንዲህ አድርገናል። በስሟ የሚሠራ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል።

ጉበይራ ሰፈር የአንድ ፎቅ ቤት ሐሪስ ነኝ፤ በር ጠባቂ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ዓረብኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ። ጽሑፉን አላነብም። ሁልጊዜ የምሄድበት የኮምፒዩተር ሱቅ አለ። ልጁ ማውሱን ሲገፋ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት በዓይኔ እከተላለሁ። አረንጓዴው መቀበል ነው፣ ቀዩ መከልከል። ቀስቷ የት እንደሄደች ካየሁ ሰውየው ምን እንዳደረገ አውቃለሁ።

ያን ሐሙስ ሱቁ ዝግ ነበር። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ሹፌሩ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ይጠብቃል። ሁለት መንገድ ተሻግረን ወደ አብዱልወሀብ ሱቅ ሄድን። አብዱልወሀብ የመናዊ ነው፤ እሱ ራሱ ብዙ አይገኝም። የሚሠራው ዓለምነው የሚባል የጎጃም ልጅ ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል።

ከእኛ በፊት ታየች የምትባል ሴት ነበረች። ቢሮ ታጸዳለች፤ ፎቶ ልታወጣ መጥታለች። እኔ ያለሁበት ፎቅ ስለምትኖር ታውቀኛለች።

«የእናንተ ቸኳይ ከሆነ ቅደሙ» አለች። «የኔ ፎቶ እስኪወጣ አርጅቼ መልኬ አይመሳሰልም።»

ተቀመጥን። ኑርያ ኢቃማዋን ሰጠችው። የመኖሪያ ፈቃዷ ነው። የይለፍ ቃሏንም ነገረችው። «ጥያቄ መጥቶልኛል። ተቀበልልኝ» አለችው።

ዓለምነው ካርዱን ወደ ፊቱ በጣም አስጠግቶ አየው። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ሁለት እጁም ጽሑፍ መምቻው ላይ ነው። ማውሱን ፈለግኩ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አለ። አቧራ ለብሷል። ሰው ከነካው ወር ያለፈው ይመስላል።

«ማውሱ ተበላሽቷል?» አልኩት።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አትይዘውም?»

«እጄ ይሄን ለምዷል። ይፈጥናል።»

እጁን ማየት ጀመርኩ። አንዲት ቁልፍ አለች። ከረጅሟ ቁልፍ በስተቀኝ፣ ወደ ጥጉ። በሌላው ሱቅ ያቺ ቁልፍ እንደ አዲስ ናት፤ ማንም አይነካትም። ትንሽ ወረቀት ላይ መስመር የተሰመረ የሚመስል ስዕል አላት። የዓለምነው ግን ስዕሏ ተፍቆ ጠፍቷል። ሲነካት ስክሪኑ ላይ ትንሽ ዝርዝር ብቅ ይላል። ወዲያው ወደ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታና ዝርዝሩ ይጠፋል። ምን እንደመረጠ አይታይም። ቀስቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሌላም አየሁ። ግራ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል። ሽቦው በኮሌታው ገብቶ ይጠፋል። ቁልፏን ይነካል። ይቆማል። ራሱን ትንሽ ያዘነብላል። ከዚያ ሌላ ይነካል። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው እየነገረው የሚሠራ ይመስላል።

አምና ሶስና የምትባል ልጅ ኢቃማዋን አንድ ሱቅ ውስጥ ሰጥታ ነበር። ቅጂው እዚያ ቀረ። በስሟ ዐሥራ አንድ ሲም ካርድ ወጣ። ሁለት ወር ታስራ ነው የተፈታችው። ያንን አስታወስኩ።

«ያቺ ቁልፍ ምንድን ናት?» አልኩ።

«የትኛዋ?»

«አሁን የነካሃት። ጥግ ያለችው።»

«ማውስን በቀኝ በኩል እንደመጫን ነው። የሚሠራውን ዝርዝር ታመጣለች።»

«ከዝርዝሩ ምን መረጥክ?»

ታየች ሳቀች። «ጋሽ ይማም፣ ሰውየው በእግሩ ቢጽፍ ምን አገባዎት?»

«አንቺ ፎቶሽን ጠብቂ።»

ስልኬ ጮኸ። ለመግቢያ የሚሆን ኮድ ነው። ታየች አየችልኝና መግቢያ መሆኑን ነገረችኝ። ሰጠሁት። ገባ። ቁልፏን ነካ። ዝርዝሩ ብቅ ብሎ ጠፋ። ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«ይሄኛው የመቀበያው ነው» አለ ዓለምነው። «ቁጥሩን ይበሉኝ። ሁለት ደቂቃ ነው ያለው።»

«መቀበሉን በዓይኔ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«አንተ አይተህ እኔ ኮድ ልስጥ?»

«አጎቴ፣ ስጡት እንጂ!» አለች ኑርያ።

አልሰጠሁም። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ። ዓለምነው እጁን ከጽሑፍ መምቻው አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። «ሦስት ጊዜ ነው የሚፈቅደው። አንዱ ሄደ። ሦስቱም ካለፉ እስከ ነገ ይዘጋል። ዛሬ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ጥያቄው ይሰረዛል። ጋሼ፣ ልጅቷን እየጎዷት ነው።»

«በማውስ ሥራው። ቀስቷን ልያት።»

 ከዚያ ማውሱን ስቦ ያዘ። ቀስቷ ተነሳች። ወደ ላይ ሄደች፣ ተመለሰች። አረንጓዴውን አልፋ ሄደች። ቀዩ ላይ ቆመች። ጣቱ ሊጫን ተነሳ።

«ቁም!» ብዬ እጁን ያዝኩ። «ይሄ ቀዩ ነው!»

ፊቱ ላበው። ማውሱን ለቀቀው። ወደ ቁልፏ ተመለሰ። ነካት። ወደ ታች መታ። ኮድ መጣ።

«አሁን ይስጡኝ።»

ሊከለክልባት ነበር ብዬ አሰብኩ። የማላውቀው ሰው ከፍሎታል ብዬ አሰብኩ። ስልኩን ደረቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛውም አለፈ።

ታየች ተነሳች። «ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። እናንተ ዛሬ የምትጨርሱ አይመስለኝም» ብላ ወጣች። ከበሩ ዞር ብላ፣ «ኑርያ እህቴ፣ አጎትሽን በር ላይ አስቀምጪና ብቻሽን ግቢ» አለች።

ኑርያ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች። «አጎቴ፣ ዐርዐር የምሄደው እኔ ነኝ። አንቱ አይደሉም።»

 ዓለምነውን እያየሁ ነበር። ቀስቷ ቀዩ ላይ ስትቆም ዓይኑ የት እንደነበረ ለማስታወስ ሞከርኩ። ቀስቷ ላይ አልነበረም። ሌባ የሚሰርቀውን ያያል። እሱ ምንም አያይም ነበር።

እጄን ዘረጋሁ። ማውሱን በጣቴ ገፋሁት። ቀስቷ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሄደች። መለስኳት። እንደገና ገፋኋት። ዓለምነው ፊቱን ወደ ስክሪኑ እንዳደረገ ተቀምጧል። አልነቃም።

«አይታይህም» አልኩት።

ዓለምነው መጀመሪያ ወደ በሩ ዞረ። ሰው አለመኖሩን በጆሮው አጣራ።

«ትልልቁ ይታየኛል። ፊት ይታየኛል፣ በር ይታየኛል። ቀስቷ ከጠፋችብኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ዐዚዚያ ሰፈር ወርክሾፕ ውስጥ ብየዳ ስሠራ ነው ዓይኔ የተጎዳው። አብዱልወሀብ አያውቅም። ካወቀ አንድ ቀን አያሳድረኝም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትሠራው?»

ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ። «ይስሙት።»

ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ቁልፏን ነካ። ጆሮዬ ውስጥ የሴት ድምፅ በዓረብኛ ተናገረች። ሰው አይደለችም፤ ማሽን ናት። እንደ ውሃ ትፈጥናለች። ዓለምነው ፍጥነቷን ቀነሰልኝ። እንደገና ነካ።

«ተፋሲል» አለች። ዝርዝር ማለት ነው። ወደ ታች መታ። «ቀቡል» አለች። ወደ ታች መታ። «ረፍድ» አለች።

ሁሉም ገባኝ። መቀበል፣ መከልከል። ቀስት ስከተል የኖርኩት ማንበብ ስለማልችል ነው። ይሄንን ግን ማንበብ አያስፈልገውም።

«ከመጀመሪያው ይበል» አልኩ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ...»

«ተፋሲሉን አስብለው። ሁሉንም።»

ወደ ላይ ተመልሶ ተፋሲል ላይ ተጫነ። ሴትየዋ ማንበብ ጀመረች። የኑርያን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራች። የኢቃማ ቁጥሯን ዘረዘረች። ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ። ከዚያ የአዲሱን ከፊል ስም አለች። የወንድ ስም ነው። የአሮጊቷ ቤተሰብ ስም ተከተለው። ከዚያ የሥራ ቦታ።

«ዐርዐር» አለች።

ማዳመጫውን አውጥቼ ለኑርያ ሰጠኋት። «አስደግምላት» አልኩት። ኑርያ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

«ሌላ ጥያቄ የለም?» አለችው። «የሙዓሊማ ናዲራ፣ የአስተማሪዋ የለም?»

«አንድ ብቻ ነው። ይሄው ነው» አለ ዓለምነው። «እህቴ፣ እኔ ማንን እንደምትጠብቂ አላወቅኩም። ተቀበልልኝ አልሽኝ፤ ልቀበል ሄድኩ።»

«እንደፈለጉ የሚወስዷት ከሆነ የእሷ መቀበል ምን ያደርግላቸዋል?» አልኩ።

ዓለምነው ገጹን እያስነበበ ፈለገ። «ውሏ ባለፈው ወር አልቋል። ከአሁን በኋላ እሷ ካልተቀበለች ማንም ሊያዛውራት አይችልም።»

ስለዚህ ነው ሹፌር የሰጣት። ስለዚህ ነው ሰዓት የቆረጠላት። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የዓለምነውን ጣት ስጠብቅ ነበር። የላካትን ሰው አንድ ጊዜም አልጠረጠርኩም።

«ረፍድ በለው!» አለች ኑርያ። 

«ብትከለክይ ወዲያው መልእክት ይደርሳቸዋል» አለ ዓለምነው። «ማታ የምትገቢው እነሱ ቤት ነው። ጊዜው ካለፈ ግን በራሱ ይሰረዛል። ማንም ከለከለች አይልሽም።»

«ስንት ደቂቃ ቀረው?» አልኩ።

«ሃያ አንድ።»

«እንቀመጣለን።»

ተቀመጥን። ዓለምነው በሩን ገርበብ አደረገው። አንድ ሰው ገብቶ ፎቶ ኮፒ ጠየቀ፤ ቀለም የለም አለው። ሹፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። ሁለተኛ ነፋ። ከዚያ እሱው ገባ።

«ያላ፣ ቶሎ በሉ! አልጨረሳችሁም?»

ስልኬን አውጥቼ ያለፉትን ሁለት ኮዶች አሳየሁት። «እያለፈብን ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ሹፌሩ ወጥቶ ደወለ። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጠራ። ትልቁ ልጅ ነው።

«አባቴ ይማም፣ ሰላም ነዎት?» አለኝ በዓረብኛ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ተምሩ ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር። አላህ ይስጥልኝ።»

«ልጅቷ ምን ገጠማት?»

«ኮዱ ቶሎ ያልፋል። እኔ አላነብም። እስኪነበብልኝ ጊዜው ያልቃል።»

«ያን ያህል አይድከሙ። የይለፍ ቃሏ እኛ ዘንድ አለ። እኔው ከዚህ ሆኜ እጨርስላታለሁ። አሁን ስልክዎ ላይ ኮድ ይመጣል። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

 ከሱ ጋር እያወራሁ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተንቀጠቀጠ። ኮዱ መጣ። ዓለምነው ሰምቶታል፤ ራሱን ቀና አደረገ። ኑርያ ወንበሯን በሁለት እጇ ያዘች።

ኮድ ስለጠየቀኝ ዓለምነውን ሌባ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ሌባው ግን ይሄ የሚጠይቀኝ ነው።

«መጣ?» አለ።

«አልመጣም።»

«አሁን ልኬዋለሁ። ይዩት።»

«እያየሁ ነው። የለም።»

«አጠገብዎ የሚያነብ ሰው የለም?»

«የለም። የሱቁ ልጅ ለሶላት ወጥቷል።»

ዓለምነው ክርስቲያን ነው። ኑርያ ከንፈሯን ነከሰች።

ትልቁ ልጅ  ሲተነፍስ ይሰማኛል። «አባቴ ይማም» አለ፤ ልስላሴው ቀንሷል። «ልጅቷ ጥያቄውን አይታዋለች?»

«ማን ያይላታል? እሷም እንደ እኔ ናት።»

ይሄ ውሸት ነው። ኑርያ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። ዓረብኛ ግን አታነብም፤ እሱም ያንን ያውቃል። ለዚያ ነው ያመነኝ። ወይም ያመነኝ የመሰለኝ። ስልኩን ዘጋ።

ሁለቱ ደቂቃ ሲያልፍ ዓለምነው ማዳመጫውን ሰክቶ አዳመጠ። «ሦስተኛው አልፏል። እስከ ነገ ተዘግቷል» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነና አለፈ። 

ኑርያ የናዲራን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ጫማዋ ውስጥ ይዛ ነበር። የእሷን ስልክ ሰዎቹ ስለሚፈትሹት በእኔ ደወለች። ናዲራ አነሳች። «አንቺ አይደለሽም እንዴ አልፈልግም፣ አገሬ ልገባ ነው ያልሽው?» አለቻት። «የትልቁ ልጅ ሚስት ናት የነገረችኝ። ስለዚህ ጥያቄውን ተውኩት።»

ኑርያ ማስረዳት ጀመረች። ቃላቱ ተደራረቡባት። ስልኩን ተቀበልኳትና አጭር አድርጌ ለናዲራ ነገርኳት። ናዲራ ሰማችኝ። «እሑድ ጠዋት እልካለሁ» አለች። «እስከዚያ ምንም አትፈርም። ወረቀት ቢሰጧትም አትፈርም።»

እሑድ ትልክ፣ አትልክ፤ አላወቅኩም። ኑርያን ያን ቀን እኔ ዘንድ ማስቀረት ፈለግኩ። ግን ከቀረች ጠፋች ብለው ያመለክቱባታል። ያኔ ናዲራም ልትረዳት አትችልም። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ገባች። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ ስልክዎን አይዝጉት» አለችኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ እኔን ያየኝ ነበር። እኔም አየሁት።

ተመልሼ ሱቁ ገባሁ። «የይለፍ ቃሏን አሁን መቀየር ትችላለህ?» አልኩት።

«እስከ ነገ ዝግ ነው። ነገ ማለዳ ይምጡ።»

ማለዳ መጣሁ። አርብ ስለሆነ ሱቁ አይከፈትም፤ ከፈተልኝ። የይለፍ ቃሉን ቀየረ። አዲሱን ለእኔና ለኑርያ ብቻ እንዲሆን አልኩት። «እኔስ አውቀው የለ ጋሼ» አለ እየሳቀ። «አሁን ደግሞ እኔን ይጠብቁኝ።»

«እጠብቅሃለሁ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቅዳሜ ትልቁ ልጅ ሁለት ጊዜ ደወለ። ኮድ መጣ ወይ አለኝ። አልመጣም አልኩት። በእርግጥም አልመጣም፤ ያቺ የይለፍ ቃል ከእንግዲህ አትሠራለትም። ማታ ኑርያ ደውላ ሻንጣዋን እንድታዘጋጅ እንደነገሯት ነገረችኝ። የት እንደምትሄድ ግን አልነገሯትም።

እሑድ ከማለዳ ጀምሬ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። አብዱልወሀብም መጥቶ ነበር፤ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ። መልእክት አልኩት። ዓለምነው በየሩብ ሰዓቱ ገጹን ያስነብበዋል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፏን ነካ፣ ቆመ፣ ራሱን አዘነበለ። ማዳመጫውን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

አዳመጥኩ። የኑርያ ስም። የኢቃማ ቁጥሯ። የቤት ሠራተኛ። ከዚያ የሴት ስም። ናዲራ፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። የሥራ ቦታ ሪያድ፣ ነሲም።

ኑርያ ጋ ደወልኩ። ማዳመጫውን ስልኩ አፍ ላይ ያዝኩላት። ከወዲያ በኩል የዕቃ ድምፅ ይሰማል፤ ወጥ ቤት ናት። ድምፁ ቆመ።

«ተቀበሉልኝ» አለች በሹክሹክታ።

ዓለምነው ወደ ቀቡል ወረደ። ማሽኗ «ቀቡል» አለች። ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት።

«ድገመው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ሰሙት እኮ።»

«ድገመው።»

ወደ ላይ ሄዶ እንደገና ወረደ። «ቀቡል» አለች። ሦስተኛም አስደገምኩት። ከዚያ ተጫነ። ስልኬ ጮኸ። ዓለምነው ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበ አስገባ፤ እኔም ከጎኑ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።